ምድጃው ውስጥ ያሉት

ተማሪዎቿ «ራቅ በል» ይሏት ነበር፤ ያውም ከኋላዋ፣ ፊቷማ ማን ደፍሮ! አንዱ ተማሪ ሸራው ላይ አፍንጫውን ተክሎ ካየች ከክፍሉ ጥግ ሆና «ራቅ በል! ራቅ ብለህ እየው!» ትላለች። ረጅምና ቀጭን የሥዕል ፕሮፌሰር ነበረች፤ ከካፖርቷ ኪስ የተሰባበረ ከሰል አይጠፋም። አላገባችም። «ሥዕል አግብታ» እያሉ ሲያሟት ሰምታ «ሥዕልስ መቼ ጠይቆኝ ያውቃል!» አለች ይባላል።

የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነበር። እሱ ዕድሜውን የፈጀው ከከተማው ውጭ ካለው የጡብ ፋብሪካ በጭነት መኪናው ጡብ ሲያመላልስ ነው። ሚስቱ ሞታ፣ አንዲት ልጁም አግብታ ሌላ ከተማ ከገባች በኋላ ቤቱ ጭር ሲልበት እህቱን ጠራት። የስኳር በሽታ ስላለበት ጠዋት ጠዋት መርፌውን ሆዱ ላይ እየወጋ «ሌላው ሰው ሻዩ ላይ ስኳር ይጨምራል፤ እኔ ላይ እግዜር ራሱ ጨመረብኝ» ይላል። ሥዕል ብሎ ነገር አይገባውም። አንድ ቀን ገና ያልደረቀ ሸራዋን ትክ ብሎ አይቶ፣

«ይቺ ላም ናት ወይስ ተራራ?» አላት።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ እኮ።»

«እንግዲያው አሳምረሽኛል» ብሎ ወጣ።

ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲጠጋ የሥዕል ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ዳይሬክተሩ ቤተሰቡን ይዞ ሲሸሽ የማሳያ አዳራሹን ቁልፍ እጇ ላይ አኑሮ «እንግዲህ እንደሚሆን ያድርጉት» አላት። አዳራሹ ውስጥ ከእሷ በፊት የነበሩ መምህራን፣ የመምህራኖቿ መምህራን፣ ከየዘመኑ የተመረጡ ተማሪዎች የሣሏቸው ሥዕሎች ተሰቅለዋል። የብዙዎቹ ሠዓሊዎች በሕይወት የሉም። በሳምንቱ ከባድ መሣሪያ ቤተ መጻሕፍቱን መትቶ አነደደው። የተቃጠለ ወረቀት እንደ ጥቁር ላባ ግቢው ላይ ሲወርድ ቆማ አየች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

«ጋሼ፣ መኪናህ ትሠራለች?»

«ከኔ ትሻላለች።»

«ነዳጅስ?»

«ልጄ ጋ የሚያደርሰን ያህል አለ። ቅዳሜ እንወጣለን ተባብለን የለም እንዴ?»

የአዳራሹን ቁልፍ ከካፖርቷ ኪስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እሱም ቁልፉን አይቶ ሲኒውን አስቀመጠ።

«ሥዕሎቹን ነው?»

«እዚያ ከቆዩ እንደ መጻሕፍቱ አመድ መሆናቸው ነው። የት እንደምወስዳቸው ግን ጨነቀኝ።»

ወንድሟ አገጩን እያሻሸ ትንሽ አሰበ። «ፋብሪካው ጋ የድሮው ምድጃ አለ፤ ጡብ የሚተኮስበት። አዲሱ ከተሠራ ወዲህ እሳት ነክቶት አያውቅም። የግድግዳው ውፍረት እንዲህ ነው» ብሎ ክንዱን ዘረጋ። «ዝናብ አይገባው፣ ጥይት አይበሳው። አፉን በጡብ ከደፈንነው ሰይጣንም አያገኘው።»

«ልጅህ ጋስ?»

«ነዳጅ ከየትም ይመጣል። መንገዱም ዛሬ ነገ አይዘጋም።»

እንዲህ ተሳስተው ተነሡ።

ሸራዎቹን ከጣውላቸው ነቅለው ጠቀለሏቸው። ቀለሙ ወደ ውስጥ ከሆነ ተጨማዶ ይሰነጠቃልና ወደ ውጭ አድርገው፣ በመጋረጃና በአንሶላ አልብሰው ጫኑ። «ልብስ ሲታጠፍ ገበሩ ነው ወደ ውጭ፤ የናንተ ነገር ሁሉ ግልብጥ ነው» እያለ ወንድሟ ይነዛነዛል፤ ሲሸከም ግን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ነው። ምድጃው ውስጥ ጣውላ ረብርበው ከመሬት ከፍ አድርገው ደረደሯቸው። እሱ ጡቡን በጭቃ እየመረገ አፉን ዘጋ። እሷ ጥላሸትና አቧራ በውሃ በጥብጣ በብሩሽ አዲሱን ግድግዳ ከአሮጌው ጋር አመሳሰለችው። ወንድሟ ወደ ኋላ ሄዶ ሲያይ የቱ ጋ እንደገነባ ጠፋው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስትሥዪ ኖረሽ የተዋጣልሽ ዛሬ ነው» አላት።

ሲመለሱ ወደ ከተማው የሚያሻግረው ድልድይ ተመትቶ ወንዝ ውስጥ ወድቋል። ወደ ከተማው መግባትም፣ ወደ ልጁ መሄድም አልተቻለ። ወደ ፋብሪካው ተመልሰው ከምድጃው አጠገብ ያለችው የዘበኛ ክፍል ገቡ። ለጥንቃቄ ይዞት የወጣው መድኃኒት ጥቂት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከተማዋን የከበበው ጦር መጥቶ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ሰፈረ።

ሻለቃው ራሱ ጠየቃቸው። ወንድሟ «ጡብ ልጭን መጥቼ ነዳጅ አለቀብኝ፤ እህቴ ናት» አለ።

«እርስዎስ ምን ይሠራሉ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

የሥዕል ብትል ወሬው ወዴት እንደሚያመራ ታውቃለች። «የቁም ጽሕፈት» አለች።

ይህ መልስ ሥራ አመጣላት። ሻለቃው የሞቱበትን ወታደሮች ስም በየመቃብራቸው ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ሰው ይፈልግ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ጣውላና የቀለም ቆርቆሮ ደጃፏ ላይ ይቀመጣል፤ ስሞቹን ትጽፋለች። የትውልድ ዓመታቸውን ስታይ ከተማሪዎቿ ጋር እኩያ ናቸው። ከተማዋን የሚደበድቡት እነሱ ናቸው፤ ቢሆንም ፊደላቸውን አላጣመመችባቸውም። በለውጡ ምግብ ይሰጧቸዋል፤ ከሁሉም በላይ የጦር ሐኪሙ ለወንድሟ መድኃኒት ይሰጥላት ነበር። ልጅ እግር፣ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰው ነው። መርፌውን በየቀኑ መጥቶ ራሱ ይወጋል፤ በወንድሟ እግር ላይ ያለችውን የማትድን ቁስልም ያጥባል።

«አባቴ፣ ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ይላል።

«እንደ ጡብ፤ ተደርድሬ» ይመልሳል ወንድሟ።

ግቢው ውስጥ የነበረው ጡብ ለምሽግ ሥራ አለቀ። አንድ ረፋድ ላይ ወታደሮች ዶማና መዶሻ ይዘው ወደ አሮጌው ምድጃ ሲሄዱ ፕሮፌሰሯ ብሩሹን ጥላ ተከተለቻቸው። የመጀመሪያው ዶማ ሲነሣ፣

«ተዉ! እሱን አትንኩት!» ብላ ጮኸች።

ሻለቃው ዞረ። «ለምን? ምን አለበት?»

«ሰው» አለች። ከአፏ የወጣው ይኼ ነው፤ ከወጣ ወዲያ መመለሻ የለውም። «በተስቦ ያለቁ ሠራተኞች ናቸው። እናንተ ሳትመጡ ነው። ቀባሪ ጠፍቶ እዚያ አስገብተው ደፈኑባቸው።»

ዶማ ያነሣው ወታደር ዶማውን ጥሎ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ሻለቃው ፊቱ አመድ መሰለ። ተስቦ አንድ ጦር ሰፈር ውስጥ ከገባ ከጥይት የበለጠ እንደሚጨርስ ያውቃል። ወዲያው ምድጃው ላይ ማስጠንቀቂያ እንድትጽፍ አዘዘ። በቀይ ቀለም፣ ባማረ ፊደል «በተስቦ የሞቱ ያረፉበት። አይከፈትም» ብላ ጻፈች።

ወንድሟ ሲሰማ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «ከሥዕልሽስ ውሸትሽ ይበልጣል!»

ሳቁ ግን አልቆየም። በማግስቱ ሻለቃው በምድጃውና በሰፈሩ መካከል ገመድ አስወጠረ። ከምድጃው አጠገብ የሚኖሩት ሁለቱ ገመዱን እንዳያልፉ፣ ማንም ወደ እነሱ እንዳይሄድ ተከለከለ። ምግባቸው ገመዱ ሥር ይቀመጥላቸዋል። ሐኪሙ ቀረ። የወንድሟ ቁስል አመርቅዛ ትኩሳት ለቀቀችበት፤ ውሃ አይጠግብ፣ የበላው አይረጋለት። እህቱ ገመዱ ጋ ቆማ ስትጣራ ሐኪሙ ከሩቅ መጣ።

«መርፌው ቀርቶበት ነው የባሰበት! እባክህ ልጄ፣ መድኃኒቱን ብቻ ስጠኝ።»

«ትኩሳት አለው?»

«ከእግሩ ነው።»

«እናቴ፣ ተስቦም የሚጀምረው በትኩሳት ነው። ያለችኝ መድኃኒት ትንሽ ናት፤ ሻለቃው በተስቦ ለሚሞት ሰው እንዳላባክናት አዞኛል።»

«ተስቦ አይደለም! እኔ አውቃለሁ፣ አይደለም።»

ሐኪሙ ትክ ብሎ አያት። «ምድጃው ውስጥ ያሉትስ?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። «ሥዕል ነው፤ ሰው የለም» ብትል ያበቃል። ከሐኪሙ ጀርባ ለማገዶ የተፈለጠ የመስኮትና የበር እንጨት ተከምሯል። ዓይኗ እዚያ ላይ አረፈ፤ ሸራዎቹም ማገዶ ሲሆኑ ታያት፤ አፏ አልከፈት አላት። ሐኪሙ ጥቂት ጠብቆ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ለወንድሟ ነገረችው። እያለቀሰች «ጋሼ፣ ተመልሼ ልንገረው» አለችው።

ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «ሥዕሎቹንስ የትኛው ከየትኛው እንደሆነ እንኳ አላውቅም» አለ፣ ትንፋሽ እየቆጠበ። «ግን የጫንኩት እኔ ነኝ። የጫንኩትን መንገድ ላይ አራግፌ አላውቅም። ተይው። ነገ ይሻለኛል።»

አልተሻለውም። ሲነጋ ስትጠራው የሚሰማ አይመስልም፤ ትንፋሹ ጠልቆ ጠልቆ ይወጣል። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሯ ገመዱን ዘልላ ወጣች። ወታደሮቹ ጠመንጃ ደገኑባት፤ እሷ ግን አላቆመችም።

«ውሸት ነው! ተስቦ የለም! ምድጃው ውስጥ ያለው ሥዕል ነው! ክፈቱት፣ እዩት!»

ሻለቃው ከድንኳኑ ወጣ። «ሐኪሙ ሌሊት ወደ ግንባር ሄዷል» አለ። «ይመለሱ፣ እናቴ።»

«መድኃኒቱን ትቶት ሄዷል? ስጡኝና እኔ እወጋዋለሁ! ምድጃው ውስጥ ሰው የለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ሥዕል ነው፤ ውሰዱት፣ አንድዱት፣ የፈለጋችሁትን አድርጉት!»

ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። በሐዘን አያት። «ወንድም ሲታመም ሰው የማይለው የለም» አለ። «እኔም ብሆን እዋሽ ነበር።»

«እባክህ አስከፍተው! አንድ ጡብ ብቻ!»

ሻለቃው ወደ ወታደሮቹ ዞሮ አየ። አንድም ወደ ፊት የተራመደ የለም። በራሷ እጅ፣ በቀይ ቀለም የጻፈችው ከሁሉም ፊት ጎልቶ ይነበባል። በጠመንጃ አፈሙዝ ወደ ገመዱ መለሷት። ሮጣ ዶማ ፈለገች፤ አላገኘችም። በጥፍሯ፣ በማንኪያ ጭቃውን ስትቧጥጥ ወንድሟ ከዘበኛው ክፍል አቃሰተ፤ ጥላው ወደ እሱ ገባች። እኩለ ቀን ሳይሆን እጇ ላይ ሞተ።

ከገመዱ ማዶ አካፋ ወረወሩላት። ብቻዋን ቆፍራ ቀበረችው። ሰሌዳውን ስትጽፍ ለዚያ ሁሉ ወታደር ያልተጣመመ ፊደል ለሱ ተንጋደደባት። አጥፍታ ብትጽፈውም ያው ሆነ።

ጦሩ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ግንባር ሄደ፤ ምድጃውን ሳይነካ። ሰላም ሲወርድ ትምህርት ቤቱ ተጠግኖ ምድጃው ተከፈተ። አንዳንዶቹ ሸራዎች ጠርዛቸው ሻግቷል እንጂ ሌላው ደህና ነበር። አዳራሹ ሲመረቅ ባለሥልጣኑ «በጠላት አፍንጫ ሥር ሆና ምስጢሯን እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ የጠበቀች ጀግና!» ብሎ አስጨበጨበላት። እንድትናገር ጋበዟት። ማይክሮፎኑን ተቀብላ «መኪናውን የነዳው ወንድሜ ነው» ብላ ተቀመጠች። ሰው ትሕትና መስሎት የበለጠ አጨበጨበ።

የወንድሟ ልጅ የመጣችው ከምረቃው በኋላ ነው። አባቷ ታሞ መሞቱን ብቻ ነበር የምታውቀው። ፕሮፌሰሯ አስቀምጣ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረቻት። ነዳጁ ወደ እሷ የሚያመጣቸው እንደነበረ፣ የተስቦውን ውሸት፣ ገመዱን።

«ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ዝም አልሽ?»

«ዝም አልኩ።»

«መድኃኒቱ እጁ ላይ እያለ?»

«አዎ።»

«በማግስቱስ?»

«ተናገርኩ። አላመኑኝም።»

ልጅቱ የአባቷን ኮት ከግድግዳው አውርዳ ታቅፋ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስልክም አልደወለች፣ ሲደወልላትም አላነሣች።

ፕሮፌሰሯ ጡረታ እስክትወጣ አስተማረች። ጀግናዋን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ሲበዛ አዳራሹን የሚያስጎበኘው ሌላ ሰው እንዲሆን ለመነች። የደፈረ ጠያቂ ሲገኝ እውነቱን ትናገራለች፤ ጠያቂዎቹ ግን የመጨረሻዋን ክፍል፣ ምስጢሩን ራሷ ማውጣቷን፣ ሳይጽፏት ይቀራሉ።

ካረጀች በኋላ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ጎረቤት ደውሎ ኖሮ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ልጅ ሻንጣ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገብታ ሾርባ አሞቀች፤ ትራሱን ደግፋ ቀና አደረገቻት።

«ለምን መጣሽ፣ ልጄ?»

«የአባቴ እህት ነሽ። የት እጥልሻለሁ?» ማንኪያውን ሞላች። «ይቅር ብዬሽ አይደለም፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አፍሽን ክፈቺ፤ ይቀዘቅዛል።»

ፕሮፌሰሯ ጠጣች። ልጅቱ ወደ ከተማዋ አልተመለሰችም፤ እስክትቀብራት ድረስ አብራት ኖረች። ስለ ሥዕል ግን እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም።