በግንባሬና በመሬት መካከል

ማለዳ የሱብሒን ሶላት ስሰግድ ነው የጀመረኝ። ሱጁድ ወርጄ ግንባሬን መስገጃው ላይ አስቀምጫለሁ። ልነሳ ስል ወገቤ ቋ አለ። ከዚያ እሳት የመሰለ ነገር ከመቀመጫዬ ተነስቶ፣ በጭኔ ጀርባ ወርዶ፣ ተረከዜ ላይ ደረሰ። መነሳት አቃተኝ። መተኛትም አቃተኝ። ባሌ ሰይድ በብብቴ ይዞ እስኪያነሳኝ ድረስ በእጄና በጉልበቴ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ዘሀራ እባላለሁ። የወሎ ልጅ ነኝ፤ መቐለ ውስጥ ቀዳማይ ወያነ ገበያው አጠገብ ልብስ እሰፋለሁ። ሥራዬ ጎንበስ ማለት ነው፤ መኪናው ላይ ጎንበስ፣ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ። ይህን የምጽፈው ወገቡን ለያዘው፣ እግሩን ለሚነዝረውና «በቃ አለቀልኝ» ብሎ ለተኛ ሰው ነው። አላለቀላችሁም። ቶሎ ግን አይደለም፤ እሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ሐኪሙ በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። በጀርባዬ አስተኝተው እግሬን ቀጥ አድርገው አነሱት። ጮህኩ። የእግሬን አውራ ጣት ወደ ላይ እንዳነሳ አዘዙኝ። የቀኙ ተነሳ። የግራው ደከመ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንቴ መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩ ላይ ተቀምጧል። ስሙ ሲያቲካ ነው አሉኝ።

«ብዙ ሰው ያለ ኦፕራሲዮን ይድናል» አሉ። «ነገር ግን ሽንት ከከለከለሽ ወይም ካመለጠሽ፣ መቀመጫሽ አካባቢ ከደነዘዘሽ፣ እግርሽ እየላላ ከሄደ፣ ነገ ሳትይ ነይ።»

ይህቺን ንግግር እናንተም ያዙልኝ። ሌላው ሁሉ በትዕግስት የሚሆን ነው፤ ይህ አይደለም።

ስለ ስግደቴ ጠየቅኋቸው። ለጊዜው አትጎንበሺ፣ ወንበር ላይ ሆነሽ ስገጂ አሉኝ። ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው ስላቸው መድኃኒቱን መጻፍ ቀጠሉ።

ወንበር ላይ ሰገድኩ። ዲናችን ለታመመ ሰው ገር ነው፤ አንገቴን ዝቅ ማድረግ እንደሚበቃኝ አውቃለሁ። ልቤን ግን አልበቃውም። ከደንበኛ ጭቅጭቅና ከመኪና ጩኸት ውዬ ግንባሬን መሬት ሳስነካ ነበር ሰው የምሆነው። አሁን ወለሉ እዚያው እግሬ ሥር ሆኖ ሩቅ አገር ሆነብኝ። ወላሂ፣ ከሕመሙ ይልቅ ይኼ አስለቀሰኝ። ሥራዬን ተቀምጬም ቆሜም እንደምንም እመልሰዋለሁ። ሱጁዴን ማን ይመልስልኛል?

እሳቱ ትንሽ በረድ ሲል ወደ ፊዚዮቴራፒ ተላክሁ። ባለሙያዋ ፍረወይኒ ትባላለች፤ የመቐለ ልጅ፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። ግንባሬን መሬት ማስነካት እንደምፈልግ ስነግራት ወለሉን እያየች ትንሽ አሰበችና ከዮጋ የተወሰዱ እንቅስቃሴዎች እንደምንሠራ ነገረችኝ። ዮጋ ስትል ደነገጥኩ። የሌላ እምነት አምልኮ መስሎኝ «ኧረ እኔስ ይቅርብኝ» አልኳት።

«እኔ የምፈልገው ወገብሽን ነው» አለችኝ። «ልብሽ ለማን እንደሚሰግድ ያንቺ ጉዳይ ነው።»

በዚህ ተስማማን። ስወጣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለት ብሎክ እንዳመጣ፣ እጄን የማሳርፍበት እንደሆነ ነገረችኝ። ለሰይድ ነገርኩት። ሰይድ ደግሞ ቃል አያባክንም፤ በቀጠሮው ቀን ከግንበኞች ሁለት ብሎኬት ለምኖ በባጃጅ ጭኖ መጣ። ያ ግድግዳ የሚሠራበት፣ ሆዱ ባዶ የሲሚንቶ ብሎኬት። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዞ ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ፍረወይኒ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ እስክታነባ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ወገቤን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፣ ግን ሳቅሁ። ከታመምኩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰይድ ብቻ አልሳቀም፤ «ሁለት ብሎክ አላላችሁም እንዴ?» እያለ ቆመ።

ከመደርደሪያ የራሷን አውጥታ አሳየችን። ሸክላ ጡብ የሚያክል፣ ቀላል፣ ጠርዙ የተሞረደ ነገር። ሲያጋድሙት ዝቅ ይላል፣ በጎኑ ሲያደርጉት ከፍ ይላል፣ ሲያቆሙት ደግሞ የበለጠ። አንድ ዕቃ ሦስት ቁመት! እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሕመሜን ትቼ ዕቃውን ማየት ጀመርኩ። ለምን ይህን ያህል ሰፋ? ለምን አይንሸራተትም? ከምን ተሠራ? ፍረወይኒ መልሳ መልሳ ሲደክማት እቤትሽ ሞክሪው አለችኝ።

ሞከርኩ። ፈላጊ ካላችሁ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ብሎኩን አናጺ ከቀላል ጣውላ ሠራልኝ፤ ጠርዙ መዳፌን ስለበላኝ ወፍራም ጨርቅ አለበስኩት። ከስፖንጅ የቆረጥኩት ግን ስደገፈው ሰመጠና ወደ ጎን አጋደለኝ፤ ሰውነት የሚደገፈው ነገር ሲከዳው ጡንቻው ይደነግጣል፣ ወገብም ወዲያው ይቆልፋል። በመለማመጃው ምንጣፍ ደግሞ የተሳሳትኩት መስገጃዬን ስጠቀም ነው፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ይሸሻል። ሰሌንም ያው ነው። ገበያ ውስጥ ከምንጣፍ ሥር የሚነጠፍ፣ ወንፊት የመሰለ ላስቲክ አገኘሁና ከሥሩ አደረግኩት። ስትገዙ ሻጩን አትፈሩት፤ መሬት ላይ አንጥፋችሁ በሁለት መዳፋችሁ ግፉት። ከሸሸ ተዉት።

በጀርባ ተኝተው እግርን ወደ ላይ የሚስቡበት ማሰሪያም አለ። ብልህ ነኝ ብዬ ከሱቄ የቀሚስ ላስቲክ ቆርጬ ወሰድኩ። ያ ረቢ! ላስቲኩ እግሬን ሳብ ለቀቅ ሲያደርገው ነርቤ ጮኸ። ፍረወይኒ የማይለጠጥ ይሁን አለችኝ፤ ቤት ገብቼ ሳጥኔን ስከፍት የእናቴ መቀነት አለ። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ለእጅ የማይሻክር። ከእሱ የተሻለ እስካሁን አላየሁም።

ቦልስተር የሚሉት ደግሞ ረጅም ድብልብል ትራስ ነው። አየሁትና «ይኼማ መከዳ ነው!» አልኩ። እኛ አገር ግድግዳ ሥር የሚደረደረው፣ እንግዳ የሚደገፈው መከዳ። ራሴ ሰፋሁት። ሆዱን ከልብስ ፋብሪካ በሚወጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቄ ሞላሁት፤ ሲጠቀጠቅ እንደ ሰው ገላ ጠጠር ያለ ይሆናል፣ ግን አይቆረቁርም።

የቤታችን ባለቤት፣ እንደ እናት «አደይ» የምንላቸው ለተብርሃን፣ ይህን ሁሉ ከግቢው ሆነው ይከታተላሉ። ሁለቱን ብሎኬቶች የውኃ በርሜላቸው መቀመጫ አድርገዋቸዋል። የእሳቸው ጉልበት ያለቀ ነው፤ ሐኪም ኦስቲዮአርትራይተስ፣ የመገጣጠሚያ መበላት፣ ብሏቸዋል። እኔን ዕቃ ደርድሬ ሲያዩኝ እየሳቁ «ጓለይ፣ ልጄ፣ ቤት ልትሠሪ ነው ወይስ ልትድኚ?» ይሉኛል። እኔም ሁለቱንም እላቸዋለሁ።

ከዚያ ዒድ መጣ።

ተሽሎኝ ነበር። መራመድ ጀምሬያለሁ። ሰው ሁሉ ሜዳው ላይ ሲሰግድ እኔ ወንበር ተሸክሜ አልሄድም አልኩ። ማለዳ ዕቃውን ሁሉ ወደ ጎን ገፋሁ። ወረድኩ። ግንባሬ መሬት አልደረሰም። ገፋሁት። ወገቤ ቋ አለ። ዒድን በጀርባዬ ተኝቼ ዋልኩ። ጣሪያውን እያየሁ ዋልኩ። የሰጋጁ ተክቢራ፣ «አላሁ አክበር» የሚለው ድምፅ፣ በመስኮት ይገባል። ሰይድ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከብዙ ቀን በኋላ ፍረወይኒ ፊት ስቀርብ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ዕቃውን እንደ ክራንች አይቼው፣ ቶሎ ልጥለው እንደቸኮልኩ ገባት።

«ቀሚስ የጠበባት ደንበኛ ስትመጣ ቀሚሱን ታሰፊያለሽ» አለችኝ። «ሴትዮዋን ትቆርጫለሽ እንዴ?»

ይኼ ነገር ልቤ ውስጥ ገባ። እኔ እኮ ስንት ዓመት የሰው ገላ ለክቼ ጨርቁን ለሰው የማስማማ ሰው፣ የራሴን ገላ ስቆርጥ ነበር የከረምኩት። በዚያው ቀን የስፌት ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሥራ ጀመርኩ። ፍረወይኒ የሕፃን አቀማመጥ የምትለው አለ፤ ተንበርክኮ፣ ተረከዝ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ወደ ፊት መተኛት ነው። ሱጁድ ነው ብላት እኛ ክርስቲያኖችም ስግደት እንለዋለን አለችኝ። ከጉልበቴ ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ከደረቴ ሥር መከዳው፣ ከግንባሬ ሥር ደጋግሞ የታጠፈ ጋቢ አደረግን። ወገቤ ሳይጮህ፣ እግሬ ሳይነዝር፣ ግንባሬ የሆነ ነገር ነካ። መሬት አይደለም፤ ግን ነገር ነካ፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እዚያው ሆኜ ትንፋሼን እያዳመጥኩ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወራት እንዴት እንዳለፈ ስትጠይቁኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ሕመም መሆኑ ቀርቶ የማየት ጉጉት ሆኖብኝ ነበር፤ ማለዳ ተነስቼ በሜትሩ በግንባሬና በወለሉ መካከል የቀረውን እለካለሁ፣ ጠዋት ገላ ደረቅ ስለሆነ ከፍ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ስለሚፍታታ ዝቅ ይላል፣ ብርድ ቀን ይከፋል፣ ብዙ ስሰፋ የዋልኩ ቀን ደግሞ ጋቢው ላይ አንድ እጥፋት መልሼ እጨምራለሁ እንጂ አልጨቃጨቅም። አደይ ለተብርሃን በመስኮት ብቅ ብለው «ክንደይ ተሪፉ?» ይሉኛል፤ ስንት ቀረሽ ማለታቸው ነው። በጣቶቼ አሳያቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን ስንዝር፣ አንዳንድ ቀን ሦስት ጣት። በወንበር መስገዴን ግን አልተውኩም፤ ዕቃው የመለማመጃ ነው፣ ስግደቴ ስግደቴ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የዐስርን ሶላት ልሰግድ ቆምኩ። ወንበሩ አጠገቤ ነው። ለሩኩዕ ከወገቤ ጎንበስ አልኩ፤ ወገቤ ዝም አለ። ቀና አልኩ። ከዚያ ፍረወይኒ እንዳስተማረችኝ ከዳሌዬ ታጠፍኩ፣ እጄ ወረደ፣ ጉልበቴ ወረደ። ግንባሬ መስገጃውን ነካ። ከሥሩ ምንም የለም። ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። አለቀስኩ፤ መስገጃው እስኪርስ አለቀስኩ።

ሰላምታውን ሰጥቼ ሶላቴን ጨርሼ ስዞር አደይ ለተብርሃን ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ሰጋጅ ፊት አይታለፍም ብለው ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል።

«ወረድሽ?» አሉኝ።

«ወረድኩ፣ አደይ።»

ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቀስ ብለው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው እየደገፉ። ስንት ዓመት እንደሆነ አላውቅም፣ በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደሚያለቅሱ ያን ቀን ነገሩኝ። ለዚህ ነበር ለካ በየቀኑ ስንት ቀረሽ ሲሉኝ የከረሙት። ፍረወይኒ ጋ ይዣቸው ሄድኩ። እሷም መርምራ ለእሳቸው የሚስማማውን ዕቃ ለየች፤ ከጉልበት ሥር ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በባትና በጭን መካከል መከዳው፣ እጅ የሚያርፍበት ብሎክ በከፍታው ቁሞ።

ሐኪሜን፣ ፍረወይኒን፣ ብሎኬት ተሸክሞ የመጣውን ሰይድን አላህ ይስጥልኝ። ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ሳትመረመሩ የማንንም እንቅስቃሴ አትጀምሩ፣ የእኔንም። ዕቃ ስትመርጡ የሚያምረውን ሳይሆን የማይከዳችሁን ምረጡ፤ ቤታችሁ ውስጥ መጀመሪያ ፈልጉ። መጨመር ውድቀት አይደለም፣ መቀነስም ውድድር አይደለም።

መከዳው አሁን አደይ ለተብርሃን ዘንድ ነው። ስፈልገው ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። እየሰገዱ ካገኘኋቸው ደጃፍ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።