ሞጣ የተቀበረው እግሬ

ከመታመሜ በፊት ማን እንደነበርሁ ካላወቃችሁ ያጣሁትን አታውቁትም። በደርግ ጊዜ ቢቸና ውስጥ ጣሪያ የሚከድን አናጢ ሞልቶ ነበር፤ ሳያፈስ የሚከድን ግን እኔ ነበርሁ። ያኔ ገና ጢም አላበቀልሁም ነበር። አናጢነትን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ሌሎች ሲሠሩ ቆሜ እያየሁ ያዝሁት። ማንበብንም የለቀምሁት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። በገበያ ቀን ጎረምሶች በዝላይ ሲፎካከሩ እኔ ያለፍሁትን አጥር ሌላው ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ያዩኝ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ።

የወደቅሁት ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ነው። ቆርቆሮው ጤዛ ይዞ ነበር። የግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተሰበረ።

አያ ደምሴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ከደብረ ወርቅ እስከ የጁቤ የተሰበረ ሁሉ የሚያስጠራቸው ወጌሻ ነበሩ። አጥንቱን ገጠሙትና በቀርቀሃ ጭምቅ አድርገው አሰሩት።

«እንዳይላላ ነው። ወንድ አይደለህም?» አሉኝ።

«ነኝ» አልሁ።

ሁለት ቀን ክፉኛ አመመኝ። ከዚያ ሕመሙ ቆመ።

የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር። እባካችሁ ደግማችሁ አንብቡት። ሕመሙ ቆመ። እኔ ደስ አለኝ። አጎቴም ደስ አላቸው። ጎረቤቱ «እግዜር ማረህ» እያለ ገባ። ጣቶቼ ቀዝቅዘው ነበር፤ ጋቢ ደረብንባቸው። ነጡ። ከዚያ ጠቆሩ። ሽታው ሲመጣ እናቴ ማሰሪያውን ፈታችው። አጎቴ አዩት። ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ።

እህል በጫነ መኪና ላይ አስተኝተው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ሐኪሙ ጣቶቼን በመርፌ ወጋ ወጋ አደረገ።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም።»

ወደ አባቴ ዞረ። «ጋንግሪን ነው። ደም አጥቶ ሞቷል። ዛሬ ካልተቆረጠ ልጁንም ይዞት ይሄዳል።»

አባቴ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፈረመ። ከጉልበቴ በላይ ቆረጡት።

አባቴ የሞጣ ሰው ነው። «የልጄ ሥጋ ሜዳ አይጣልም» ብሎ እግሬን በነጠላ ጠቅልሎ ሞጣ ወሰደው። ቄሱ «ለእግር ፍትሐት የለም» ብለው አንገራግረው ነበር አሉ፤ በኋላ ግን አባታችን ሆይ ደግመው፣ አያቶቼ ካረፉበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር አስቀበሩት። ቁስሌ ሲደርቅ እኔም ሞጣ አባቴ ቤት ገባሁ። ከእግሬ ጋር አንድ ከተማ ሆንን።

ያን ጊዜ እግሬ መጣ።

የለም፤ ግን አለ። ተረከዙ ያሳክከኛል። ልከክ እጄን ስሰድ ፍራሽ ነው። አውራ ጣቱ በአጠገቡ ጣት ላይ ተጠምዝዞ አይፈታም። ዝናብ ሲጥል ይበርደዋል። የሚሰማኝ የቤቱ ብርድ አልነበረም። የአፈር ብርድ ነበር።

ልታስታምመኝ አብራኝ ለመጣችው እናቴ ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «ጣቶቹን ሳያቃኑ ቀብረውት ነው» አለች። የሰማው ሁሉ እውነትሽን ነው አላት። ማን ያቃናው ሲባል ግን ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

አያ ደምሴ ይህን ሰምተው ከቢቸና መጡ። እግሬ ከተቆረጠ ወዲህ የሰው ገላ አልነኩም ነበር። የተሰበረ ሲያመጡባቸው «እጄ ሞቷል» ብለው ይመልሱ ነበር። ዶማ ይዘው ብቻቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ሲመለሱ እስከ ክርናቸው አፈር ነበሩ።

«አቃናሁት» አሉኝ። «ጣቶቹን አንድ በአንድ። አሁንስ?»

አውራ ጣቴ እንደተጠመዘዘ ነበር።

«ተሻለኝ» አልሁ። ፊታቸውን ብታዩት እናንተም ይህንኑ ትሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገርሁም። እብድ መሆኔ ነው ብዬ ፈራሁ። መቃብሩ እንኳ ተከፍቶ ያላረፈ እግር ምን ይባላል?

ቀን ቀንን እየተካ አጥንቴ ጸና። እህል ሲወቃ አባቴን ልረዳ አውድማ ስወርድ የጤፉን ጭድ ክምር አየሁና ምርኩዜን ጥዬ በአንድ እግሬ እየነጠርሁ ሄጄ ክምሩ ላይ ወደቅሁ፤ ከወደቅሁበት ስነሣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቅሁ ነበር። በማግሥቱ ሁለት ባላ ተክዬ ሸንበቆ አጋደምሁና በላዩ እየዘለልሁ፣ ሸንበቆውን በየጊዜው ከፍ እያደረግሁ ከወገቤ በላይ አደረስሁት። ከፍታ ዝላይ የሚባል ስፖርት መኖሩን አላውቅም ነበር፤ በእኔ በኩል የፈጠርሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ግን ያስፈራኝ ነበር። ባለፍሁ ቁጥር የሌለው እግሬ ሸንበቆውን ሲነካ ይሰማኛል። ጭዱ ላይ ሆኜ ዞር ስል ሸንበቆው በቦታው አለ። ስለዚህ እሱንም እንደ ሌላው ማንሣት ጀመርሁ። ወገቤን ጠምዝዤ፣ የሌለውን ጉልበት ወደ ደረቴ ስቤ።

በኋላ የእንጨት እግር ሊሠራልኝ አዲስ አበባ ወደ ተሐድሶ ማዕከል ተላክሁ። እዚያ አንድ የስፖርት አስተማሪ አግዳሚ ወንበር ስዘል አይቶኝ፣ ለአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ውድድር ከሚመለመሉት ጋር ጻፈኝ። የመለመለን ካድሬ ሰብስቦ ሲነግረን «ጓዶች፣ አገር የሚወክል በአእምሮውም ጤነኛ መሆን አለበት» አለ። መርማሪው ሐኪም «እግርህ ያምሃል?» ሲለኝ «አያመኝም» አልሁ። አውራ ጣቴ እዚያው እየተጠመዘዘ ነበር።

የሄድነው ያኔ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር ወደሚባል ስፍራ ነው። አብሮኝ የተመደበው ታደለ የሚባል የወሎ ልጅ ቀኝ እግሩ የለም፤ የጫማ ቁጥራችንም አንድ ነበር። «የእኔ ግራ ያንተ ቀኝ፤ መንግሥት አንድ ጥንድ አተረፈብን» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እስቃለሁ። ለእሱም ግን አልነገርሁትም።

በውድድሩ ቀን ተራችንን ሣር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ከፊቴ የሌላ አገር ልጅ ነበር። እሱም ግራው የለም። ሜዳውን እያየ ጎንበስ አለና ከጉቶው በታች ያለውን አየር አከከ። ልክ ተረከዝ በሚኖርበት ቦታ።

ዓይኔን ከእሱ ማንሣት አቃተኝ።

ሳየው አየኝ። ፊቱ ቀላ፤ እጁንም ደበቀ። እኔም ጎንበስ ብዬ የራሴን አየር አከክሁ። መጀመሪያ ፈዞ አየኝ። ከዚያ ሣሩ ላይ እስኪጋደም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ያነባ ነበር። የውድድሩ ሐኪም ምን ሆኑ ብሎ መጣ። እዚያ አገር የሚማር አበሻ ተማሪ ይተረጉምልን ስለነበር ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅሁትን አወጣሁት።

ሐኪሙ ሳይገረም ሰማኝ። «ፋንተም ሊምብ ይባላል» አለ። «እግሩ ይሄዳል፤ አንጎል ግን እንዳለ ይቆጥረዋል። እብደት አይደለም። ጉቶውን በየቀኑ ይሹልህ።»

«አቀባበሩስ? ተጣሞ ስለተቀበረ አይደለም?»

ተማሪው ይህን ለመተርጎም አመነታ። ተረጎመው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ከአቀባበሩ ጋር አይገናኝም።»

ስሜ ተጠራ። ነጠርሁ። ሁለቱንም እግሬን አነሣሁ። የሌለው ዘንጉን ነካ። ፍራሹ ላይ ተዘርሬ አልዞርሁም። ድምፁን ጠበቅሁ።

አልወደቀም።

ሦስተኛ ወጣሁ። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አሠልጣኝ ነበራቸው፤ እኔን ያሠለጠነኝ ጭድ ነው።

አገሬ እንደገባሁ ሞጣ ሳልደርስ ቢቸና አጎቴ ቤት ወረድሁ። አሁንም ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘኋቸው። እግሬ እስካሁን እንደሚመጣብኝ፣ ሐኪሙም ያለውን ሁሉ ነገርኋቸው።

«በከንቱ ነው የቆፈርሁት?»

«በከንቱ ነው፣ አያ።»

«አቀባበሩ አይደለም። እግርህን የገደለው ግን የእኔ አስተሳሰር ነው» አሉ።

«ነው፣ አያ» አልሁ፤ በዚህ አልዋሸኋቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ ጉቶዬን ጭናቸው ላይ አኖርሁት። «በየቀኑ ይታሽ ተብያለሁ። ከአንቱ የተሻለ እጅ አላውቅም» አልኋቸው።

ከዚያ የኑግ ዘይት አስመጡ። ሲጀምሩ በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነኩኝ፤ ሲጨርሱ በሙሉ መዳፋቸው ነበር። ያን ክረምት እሳቸው ቤት ከርሜ በየጧቱ ሲያሹልኝ፣ ተጠምዝዞ የኖረው አውራ ጣቴ ጥቂት በጥቂት እየላላ መጣ። ብርዱ ግን አልተወኝም። ዛሬም ሞጣ ሲዘንብ አውቃለሁ።

የተሰበረ ያላችሁ ስሙኝ። ከታሰረው በታች ያለውን ጥፍር ተጭናችሁ ልቀቁት፤ ደሙ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም ከደነዘዘ ፈትታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሕመም ድንገት ሲጠፋ እልል አትበሉ። የተቆረጠ ያላችሁ ደግሞ፣ የሌለው ያመኛል ሲላችሁ እመኑት። ለቆረጠኝ ሐኪም፣ እብድ አይደለህም ላለኝ ሐኪም፣ እያመነታም ለተረጎመልኝ ተማሪ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ያረፉትንም ነፍስ ይማር።

የሠራሁትን ጠቅሼ ላብቃ። በአንድ እግሬ ደረቴ የሚያህል ከፍታ በዓለም ፊት ዘልያለሁ። ከዚያ ወዲህም ጣሪያ ከድኛለሁ፤ አንዱም አያፈስም። አጎቴን ወደ ሥራቸው መልሻለሁ፤ እስኪሞቱም ጥፍር ሳያዩ ማንንም አላሰሩም። በቢቸናም በሞጣም እግር ላጡ ሰዎች ምርኩዝ በልካቸው ሠርቻለሁ፤ ከማስረከቤ በፊት «የሌለው ያምሃል?» እላለሁ፤ የሚያለቅስም አለ። እግሬ ከተቀበረበት አጥር ሥር ብቻዬን ሄጄ ቆሜያለሁ፤ ሣር በቅሎበታል። የበር ደፍ ስሻገርም ዛሬ ድረስ ሁለቱንም እግሬን አነሣለሁ።