በወንድሜ ጀርባ ላይ ያለው ጭቃ

የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ጊዜው አባታችን ባረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በመስቀል ማግስት ነው። ቦታው ያኔ ሁላችንም ቆሰበር የምንለው፣ ዛሬ ቢሮና ዩኒቨርሲቲ የሞላበት እንጅባራ ነው። የወንድሜን ስም አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ምንም አልቀረበትም።

አባታችን ዳማ ፈረስ ነበረው። ፈረሱን የሚያናግረው በአገውኛ ነበር፤ እኛን ሲያናግር የማይሰማ ለስላሳ ድምፅ ለእሱ ያወጣለት ነበር። የማጥበው፣ የማበላው፣ ጋማውን የማበጥረው እኔ ነኝ። ሊሞት ሲል «ዳማው የእሷ ነው» ብሎ ተናገረ፤ ወንድሜም አጠገቡ ቆሞ ሰማ።

በመስቀል ማግስት ወንድሜ ለጉግስ አውሺኝ ብሎ መጣ፤ አዋስኩት። ኮርቻውን ራሴ ጫንኩለት፣ ኮርቻው ከሆድ በታች የሚታሰርበትን ጠፍርም ራሴ አጠበቅሁት። ክረምቱ ገና አልለቀቀም ነበርና ሜዳው ቀይ ጭቃ ነው። ወንድሜ ከማለዳ ጀምሮ ሲጠጣ ውሎ ነበር። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጨርስ ተንሸራቶ በጀርባው ተዘረጋ። ዳማው ኮርቻውን እንደተሸከመ ብቻውን ዞሮ ወደ እኔ መጣ። ጠፍሩን ዳሰስኩት፤ ጣት አያስገባም።

ወንድሜ ተነሥቶ፣ ጭቃው ከጀርባው ሳይራገፍ፣ «ጠፍሩን ያላላችው እህቴ ናት» አለ። ሰው ሳቀ። የተሳቀው በእኔ ነው። «ጠፍር ማሰር ለማታውቅ ሴት ፈረስ ምን ያደርግላታል» ብሎ ዳማውን ወደ ቤቱ ነዳው፤ ሲያረጅም ዳንግላ ገበያ አውጥቶ ሸጠው። ያን ቀን ምን እንደተሰማኝ አልጽፍም።

ከዚያ ወዲህ በዘመዶቻችን ሠርግ በቅሎ በተጫነ ቁጥር አንዱ ይነሣና «ጠፍሩን እሷ እንዳትነካው» ይላል። የወንድሜ ወሬ ደግሞ በየዓመቱ እየተሻሻለ ሄደ። መጀመሪያ ጠፍሩ ላልቶ ወደቀ። ቀጥሎ ጠፍሩ ተበጠሰ፣ እሱ ግን ጋማውን ይዞ ዳነ። በመጨረሻ «በጋላቢነት ዘመኔ መሬት ነክቼ አላውቅም» ማለት ጀመረ። መውደቁ ከወሬው ወጣ፤ የእኔ ጠፍር ግን አልወጣም።

አሁን ወደ ትንንሾቹ የመጫወቻ ወታደሮች ልምጣ። ያመጣችብኝ ልጄ ናት። እዚሁ ከተማ ቢሮ ትሠራለች። እሁድ እሁድ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ የካርቶን ኮረብታ ዘርግተው ይዋጋሉ። ወታደሮቹ አውራ ጣት ያካክላሉ፤ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛዋ በማሽን ከፕላስቲክ አትሞ ይልክላታል። ዳይስ ይጥላሉ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካሉ፣ አንዲት ኮረብታ ለመያዝ ከምሳ እስከ ምሽት ይጨቃጨቃሉ። ወታደሮቹ ሲመጡ ግራጫ ናቸው፤ ቀለም የሚቀባቸው ባለቤታቸው ነው። አንድ ቀን ልጄ ስትቀባ አየኋት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ፈረስ ነዋ፣ እማዬ።»

«ሬንጅ ውስጥ የወደቀ ፈረስ ነው። አምጪው ወዲህ።»

ዳማ ቀይ ቡናማ ቢባልም አንድ ቀለም አይደለም። እግሩ ይጠቁራል፣ ሆዱ ፈካ ይላል፣ ላብ ሲያልበው ደግሞ አንገቱ ሌላ ነው። ብሩሽ መያዝ ለመድኩ። መጀመሪያ ጥቁሩ ይቀባል፣ ከዚያ የቀጠነ ቀለም በየስንጥቁ ይፈስሳል፣ በመጨረሻ ቀለሙ በጨርቅ ተጠርጎ ሊያልቅ በደረሰ ብሩሽ ጉብ ጉብ ያለው ብቻ ይዳሰሳል።

ልጄና ጓደኞቿ ግን ከሁሉ የሚወዱት ማስረጀቱን ነው። አዲሱ ነገር ብዙ ጦርነት ያየ መምሰል አለበት። ለጭስ ከአዲስ ቅዳም ከተማ የመጣ ከሰል ፈጨሁ። ለዝገት ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቦጭቄ ቀለም ነክሬ ነካ ነካ አደረግሁ። ለጭቃ ከጓሮዬ ቀይ አፈር ወስጄ በአሮጌ ነጠላ ነፍቼ በኮላ ለወስኩ። የልጄ ጓደኞች ጭቃውን የትም ይለጥፉት ነበር። ጭቃ ግን የት እንደተገኘ ይናገራል። ፈረስ ሲሮጥ የሚረጨው ነጠብጣብ ነው። የተሻገሩት ረግረግ እግር ላይ መስመር ሠርቶ ይቆማል። የወደቁበት ደግሞ ሰፍቶ ይለጠፋል። ይህን እኛ አገር ፈረስ አጠገብ ያደገ ሁሉ ያነብበዋል።

የጠላት ጦር አዛዥ እጄ ሲገባ ጢሙ ወደ ላይ ተጠመዘዘ።

«ይኼማ አጎቴን ይመስላል» አለች ልጄ።

«ጢም ያለው ሁሉ ይመሳሰላል» አልኳት።

በየእሁዱ ይሞት ነበር፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ። ሲሞት የማየው እኔ ጠረጴዛ ስጠርግ ሆኖ ይገጥማል።

አንድ እሁድ ወንድሜ ሊጠይቀን መጣና ፈረሰኞቹን አየ። አዛዡን ግን ቀደም ብዬ ከስኳር ዕቃው ጀርባ አድርጌው ነበር።

«እኔንም ሥሪኝ» አለ። «በዳማው ላይ። ብዙ የጋለበ ልምሰል። አቧራም ጭቃም አይጥፋኝ።»

«ጭቃም ይኑርህ?»

«ጭቃ የሌለው ፈረሰኛ የፎቶ ቤት ፈረሰኛ ነው።»

«እሺ፣ ጋሼ። የት ልታስቀምጠው ነው?»

«ሳሎን ነዋ፣ ቡፌው ውስጥ።»

ያን ቡፌ አውቀዋለሁ። የኋላው መስታወት ነው።

እንደዚያ ፈረሰኛ የደከምኩበት ሥራ የለም። ከፊት ሲያዩት ጋቢው ነጭ፣ ጢሙ የቆመ፣ ደረቱ የተነፋ ነው። የፈረሱ እግር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ንጹሕ። ጠፍሩን በቀጭኑ ብሩሽ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ አድርጌ ሣልኩት፤ ዘለበቱን አብለጨለጭኩት። ቀጥሎ ሰውየውን አዞርኩና ጀርባውንና መቀመጫውን በቀዩ ጭቃ ለቀለቅሁ። ደቃቅ ሣርም አጣበቅሁበት።

«እማዬ፣ ጀርባው ላይ በዛ» አለች ልጄ።

«ባለቤቱ ያዘዘው ነው።»

የወንድሜ ዓይን ደክሟል፤ መነጽር ከማደርግ ግን ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ፈረሰኛውን በክንዱ ርቀት ይዞ ከፊት አየው፣ መረቀኝ፣ ሄደ።

በጥምቀት ሰሞን በወጣትነቱ አብረውት የጋለቡ ሽማግሌዎችን ቤቱ ጠራ። እኔንም ጠራኝ። ቡፌው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሥቶ ወደ ቡፌው ጎንበስ አለ፤ ረጅም ጊዜም ቀና አላለም።

«ስማ እንጂ» አለው ወንድሜን። «ይኼ ሰውዬ የት ነው የወደቀው?»

«ማን ወደቀ? እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ መሆንህንማ ጢምህ ይናገራል። እኔ የማየው መስታወቱ ውስጥ ያለ ጀርባህን ነው። የተረጨ ጭቃ ነጠብጣብ ነው። ይኼ የተኙበት ነው። ሣርም አለው።»

ሌላው ተነሥቶ ተጠጋ። «ፈረሱስ?»

«ፈረሱማ ንጹሕ ነው። የወደቀው ሰውየው ብቻ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጠፍሩም ደህና ነው። ኧረ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።»

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ።

«ዳቦው ጥሩ ተጋግሯል» አልኩ።

ሳቁ ከወደ በሩ ጀመረና ቤቱን ሞላው። የዚያን ቀን የተሳቀው በእኔ አልነበረም።

በማግስቱ ወንድሜ ፈረሰኛውን በመሐረብ ጠቅልሎ በባጃጅ መጣ።

«አጽጂው።»

ስቆጣ አንቱ ማለት ልማዴ ነው። «ምኑን፣ ጋሼ? ጭቃ ያዘዙት እርስዎ ነዎት።»

«ጀርባዬን።»

«ጠፍሩ ደህና እንደነበረ በአፍዎ ሲናገሩ አጸዳዋለሁ። ለእኔ አይደለም፤ እኔ አውቀዋለሁ። ለእነሱ።»

«ስንት ዘመን ያለፈው ነገር ነው እኮ።»

«ጭቃው ግን ገና እርጥብ ይመስላል። አያምርም?»

«ክፉ ነሽ» አለ።

«እህትዎ ነኝ።»

ፈረሰኛውን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ግን እነዚያን ሽማግሌዎች ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቁሞ አስጠራኝ። መሬት መሬት እያየ «ያኔ ጠፍሩ ደህና ነበር፤ ጠጥቼ ነበር» አለ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«ጠፍሩ ደህና ነበር» አለ ከፍ አድርጎ። ከደጀ ሰላሙ የሚወጡ ሴቶች ዞረው አዩን።

ቤቴ ገብቼ ጥጥ በአልኮል ነክሬ የጀርባውን ጭቃ አጸዳሁ። የመቀመጫውን ተውኩት።