የተከፈተው ፖስታ

ጦርነቱ ቆመ ከተባለ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው የምዝገባ ጠዋት፣ ቢሮዬ ለመግባት ተማሪ እየገፋሁ ነበር። ኮሌጃችን አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ ሰፈር አካባቢ ከአንድ ካፌ በላይ ያሉትን ሦስት ፎቆች ተከራይቶ የሚሠራ ነው። ሰልፉ ሦስተኛ ፎቅ ካለው የኔ መስኮት ተነስቶ ደረጃውን ሞልቶ ይወርዳል፤ ከዚያ በካፌው ጠረጴዛዎች መካከል ተጠማዝዞ አስፋልቱ ጋ ይደርሳል። የካፌው ባለቤት ደንበኛ መቀመጫ አጣ እያለች ትጮሃለች። ሃያ ምናምን ዓመት ሬጅስትራር ሆኜ ስሠራ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የግል ኮሌጅ ተማሪ ሲበዛለት ሠራተኛውም ዓይኑ ይበራል። እኔን ግን ደስ አላለኝም።

የተሰለፉት ልጆች አልነበሩም። ለአንደኛ ዓመት የሚመዘገበው ገና ጢም ያላበቀለ መሆን ሲገባው፣ ፀጉሩ ከግንባሩ የሸሸ ሰው ቆሞ ፎርም ይሞላል። አንዷ ልጇን አዝላ ነው የመጣችው። ትምህርታቸው ከተቋረጠ ዓመታት ያለፋቸው፣ ከትግራይም ጦርነቱ ከደረሰበት ከሌላውም አካባቢ መጥተው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ዘመድ ቤት የተጠጉ ነበሩ። ፎርማችን ላይ «ትምህርት ያቋረጡበት ምክንያት» የሚል መስመር አለ። ጦርነት ብሎ የሚጽፍ ጥቂት ነበር። አብዛኞቹ «በግል ጉዳይ» ብለው ያልፉታል። እኔም አልጠይቅም፤ ሰልፉ ረጅም ነው።

ዲናችን በዕድሜ ከኔ በብዙ የሚያንስ፣ ነገር የማይከብደው ሰው ነው። ከጀርባችን የነበረ አንድ የከሰረ ገስት ሃውስ በሳምንት ውስጥ ተከራየ። አልጋዎቹ ወጡ፣ ነጭ ሰሌዳ ተሰቀለ። ቁምሳጥኖቹ ከግድግዳው ጋር የተሠሩ ስለነበሩ አልነቀል አሉ፤ የሒሳብ መምህሩ ቁምሳጥን ተደግፎ ሲያስተምር ከረመ። አንዱን ሻወር ቤት የፈተና ወረቀት ማስቀመጫ አደረግነው። ወንበር ሲጠፋ ደግሞ ከድንኳንና ወንበር አከራይ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር በወር ተዋዋልን። ሰውየው ግን የሰርግ ወቅት ሲደርስ ዓርብ ከሰዓት መኪና ይዞ እየመጣ ይጭነዋል። ሰኞ ሲመልሰው አንዳንዱ ላይ የወጥ ጠብታ ደርቆበት ይገኛል። ጥር ላይ የቅዳሜ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ነው ማስታወሻ የጻፉት። እንስቅ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሳቁ ከከንፈር አያልፍም።

በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ እሱም ደንብ ነው። ፈትል እየበዛ ሲተበተብ አንዱን ጫፍ ጨብጦ እንደሚቀር ሰው ደንቡን ጨበጥኩ። ከደንቦቹ ሁሉ ደግሞ የምጠብቀው የፖስታውን ደንብ ነበር።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወደ እኛ የሚዛወር ተማሪ ትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም የውጤቱ ዝርዝር፣ በታሸገ ፖስታ ነው የሚመጣው። የላኪው ሬጅስትራር ክዳኑን ይለጥፍና ማኅተሙን ግማሹን ክዳኑ ላይ፣ ግማሹን ፖስታው ላይ አድርጎ ይመታል። ተማሪው አይከፍተውም። ማኅተሙ ከተሰነጠቀ ውስጡ ያለው ወረቀት ወርቅ ቢሆንም አይቆጠርም፤ አውጥተንም አናነበውም። በወጣትነቴ በዚህ መንገድ አንድ ፎርጅድ ትራንስክሪፕት ይዤ ተመስግኜበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥሬ ለሚሠሩት ሁሉ የማስተምረው መጀመሪያ ይሄንን ነበር፤ ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ።

ልጁ የመጣው ምዝገባው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ የትግራይ ልጅ። ጦርነቱ ሲጀመር አካውንቲንግ ሁለት ዓመት ተምሮ ለመመረቅ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። አሁን ሰሚት እህቱ ጋ ነው ያረፈው። ያ ሴሚስተር ደግሞ ለሱ የመጨረሻው ዕድል ነበር። አዲስ ካሪኩለም ስለገባ በአሮጌው የሚመረቀው የመጨረሻ ባች የዚያን ጊዜ የሚመዘገበው ነው። ያመለጠው ሰው የተማረው አይያዝለትም፤ እንደገና ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ አራት ዓመት ይማራል። ይሄንን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ፖስታውን በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ገለበጥኩት። ክዳኑ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ማኅተሙ ለሁለት ተከፍሏል።

«ይሄ ተከፍቷል» አልኩት።

«ፍተሻ ላይ ነው እትዬ። ገንዘብ መስሏቸው ቀደዱት። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ ወረቀቱ እንዳይወድቅ ብዬ።»

«ማን እንደከፈተው እኔ በምን አውቃለሁ?»

«አውጥተው ይዩት። እኔ እንኳ አላየሁትም። አትክፈት ተብያለኋ።»

«የተከፈተ ፖስታ ለኔ ባዶ ፖስታ ነው» አልኩት። ይቺን አባባል እወዳት ነበር፤ ብዙ ሰው ላይ ተጠቅሜባታለሁ።

አልተቆጣም። እዚያ ዩኒቨርሲቲው የሚፈርመው ሰው አንድ ብቻ መሆኑን፣ አንዳንዴም ቢሮ እንደማይገኝ፣ መንገዱም በአውቶቡስ ሁለት ቀን እንደሚፈጅ ነገረኝ። ይደውሉላቸው አለኝ። ፖስታው ላይ ባለው ስልክ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ አይሠራም። «ሁለት ሳምንት አለህ፣ ሄደህ ሌላ አሽገው እንዲሰጡህ አድርግ» አልኩት። ፖስታውን አንስቶ ሸሚዙ ውስጥ ከተተውና ሰልፉን እየተጋፋ ወረደ።

አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። «ሚስ፣ ፔንዲንግ ብለን ብንይዘውስ? ካላመጣ እንሰርዘዋለን።»

«ዛሬ ለአንዱ ከተለሳለስን ነገ ሰልፉ በሙሉ የተቀደደ ፖስታ ይዞ ይመጣል» አልኳት። ወደ ፎርሞቿ ተመለሰች። እኔ ያን ቀን ሰሚት በሚሄደው ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ደክሞኝ ነበር እንጂ ምንም አልከበደኝም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ሲዝረከረክ እኔ አልተዝረከረክሁም ብዬ ኮራሁ። ዛሬ ያንን ኩራቴን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ዲኑ ሦስት ቀን ጨመረ፤ እሱም አለቀ። በአሮጌው ካሪኩለም የተመዘገቡትን ስም ዝርዝር ፈርሜ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ልጁ አልመጣም። በየቀኑ ደረጃው ላይ የማየው ይመስል ቀና እል ነበር፤ ከዚያ የሰልፉ ሥራ ያስረሳኛል።

ዝርዝሩ በሄደ በአምስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ፊቱ ገርጥቷል። የሚፈርመው ሰው ሌላ ከተማ ሄዶ ኖሮ እስኪመለስ አሥራ ሰባት ቀን በር ላይ ጠብቆታል። ፖስታውን በፌስታል፣ ፌስታሉን ደግሞ በሌላ ፌስታል ጠቅልሎታል። ፈታትቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ማኅተሙ ድፍን ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም።

«አልከፈቱትም» አለኝ። «በየፍተሻው ለመንኳቸው።»

የአሮጌው ካሪኩለም ምዝገባ እንዳለቀ ነገርኩት። ተቀመጥ ብዬው አንድ ፎቅ ወርጄ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ስለ ልጁ ነገርኩት። ዲኑ ጭንቅላቱን አከከ።

«ሊስቱ ሄዷል እኮ» አለኝ። «እንደገና የሚከፈተው ስህተቱ የተማሪው ሳይሆን የኮሌጁ ከሆነ ብቻ ነው። እርስዎ ጽፈው ከፈረሙ እኔ ዛሬውኑ ይዤው እሄዳለሁ፣ ይቀበሉናል። ስህተቱ የኛ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «ዘግይቶ ነው የመጣው።»

«እንግዲያው የሚቻለው አንደኛ ዓመት ነው፤ የነሱ ሊስት ገና አልሄደም። እሱም ሞልቷል፤ ግን ለእርስዎ ስል አንድ ወንበር አስገባለሁ።»

ተመልሼ ለልጁ ነገርኩት። አንደኛ ዓመት፣ አራት ዓመት። በጣቶቹ ቆጠረ መሰለኝ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ሠላሳ ይሞላኛል» አለ። ቀጥሎ «ሌላ መንገድ የለም እትዬ?» ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ፎርሙን ተቀብሎ መሙላት ጀመረ።

እሱ ሲጽፍ እኔ ፖስታውን ከፈትኩ። ፋይሉ ውስጥ መግባት ነበረበት፤ አሁን ደግሞ ደንቡ ይፈቅድልኛል። ከትራንስክሪፕቱ ጋር አንድ ገጽ ሸኚ ደብዳቤ ተያይዟል፤ ለኮሌጁ ሬጅስትራር ይላል። የማላውቀው ባልደረባዬ «በፊተኛው ፖስታ እንደገለጽኩት» ብሎ የጻፈውን ነበር የደገመው። ፖስታ ቤት ስለማይሠራ ሰነዱን በተማሪው እጅ መስጠታቸውን፣ ፖስታዎች መንገድ ላይ በፍተሻ እየተከፈቱ መሆኑን እንደሚያውቁ፣ ስለዚህ የዚሁን ሰነድ ቅጂ አስቀድመው በኢሜይል ወደ ቢሮዬ መላካቸውን፣ ማኅተሙ ተከፍቶ ከደረሰ ከዚያ ጋር እንዳመሳክረው በትሕትና ይጠይቃል።

ኢሜይሉን ከፈትኩ። ምዝገባው ከተጀመረ ወዲህ ያልተነበበው ተከምሯል። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ። አለ። ልጁ መጀመሪያ መስኮቴ ላይ ከመቆሙ ከሁለት ቀን በፊት የገባ ነው። ውጤቱ፣ ፊርማው፣ የልጁ ፎቶ፣ ሁሉም አለ። ያን ቀን ከተቀደደው ፖስታ ውስጥ ወረቀቱን አውጥቼ ሁለት መስመር ባነብ ኖሮ፣ በአምስት ደቂቃ ይመዘገብ ነበር።

ዲኑ አንድ ፎቅ ታች ነው፤ የሚፈልገው አንድ ፊርማ ነው። ስህተቱ የሬጅስትራር ነው ብሎ መጻፍ፣ በቃ። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ሰው ሲያጠፋ ወደ እኔ ይልኩታል፤ ደንብ ከሷ ተማሩ ይባላል። አጠገቤ ያለችው ልጅ ፔንዲንግ እንበለው ያለችኝ ትዝ አለኝ። እሷ ስታነበው አሰብኩ፣ ዲኑ ሲያነበው አሰብኩ። ከአምስት ደቂቃ በፊት «አይደለም» ብዬ የመጣሁበትን ቢሮ እንደገና ገብቼ «ነው» ማለት እንዴት እንደምችል አሰብኩ። ፈራሁ። ሌላ ስም የለውም፤ ፈራሁ። ደብዳቤውን ከትራንስክሪፕቱ ሥር አድርጌ ፋይሉን ዘጋሁት።

ልጁ ፎርሙን ጨርሶ ሰጠኝ። ጽሑፉ ንጹሕ ነው። ተነስቶ ጎንበስ አለና «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለኝ። «እርስዎ ባይኖሩ ይቺ ወንበርም አትገኝልኝም ነበር።»

«ምንም አይደል» አልኩት።

እሱ ሲወጣ ቀጣዩን ተማሪ ጠራሁ። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ዲኑ ግብዣ አደረገልኝ፤ ስለ ጥንቃቄዬ ተናገረ፣ ተጨበጨበ። አሁንም ሰሚት ታክሲ መያዣው ላይ አንዳንዴ ጠዋት ልጁን አገኘዋለሁ። ወረፋውን ሊለቅልኝ ይፈልጋል፣ እምቢ እለዋለሁ። ባለፈው ሰሞን ትምህርት እንዴት ነው አልኩት። ሦስተኛ ዓመት ገባሁ አለኝ፤ ጦርነቱ ሲጀመር ሊገባ የነበረበት ክፍል ነው። ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ስለ ደብዳቤው እስካሁን አልነገርኩትም።