በጩኸት ውስጥ የሚያወሩ

ያ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ የታጠበ ልብስ አልደርቅ ብሎ፣ ቤቱ ሁሉ እርጥበት እርጥበት የሸተተበት ክረምት ነበር። ውሃው ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሴትዮዋ የሽመና ማሽኖቹ የተነሱ እየመሰላት ከአልጋዋ ብድግ ትልና፣ ፋብሪካው መዘጋቱ ትዝ ሲላት መልሳ ቁጭ ትላለች።

ሰፈሩ «ጯሂቷ» ይላታል። ዕድሜዋን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስለሆነ ጆሮዋ ደክሞ፣ «እንደምን አደራችሁ» ስትል እንኳ ጠብ የፈለገች ትመስል ነበር። ባሏም የዚያው መካኒክ ነው። ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው የሚነጋገረው ከንፈር እያየ ነው፤ በድምፅማ ማን ሰምቶ። እሱ ከማሽኖቹ ማዶ ሆኖ በከንፈሩ «ደከመሽ?» ይላታል። እሷም «አንተን እያየሁ ምን ይደክመኛል» ትለዋለች፤ መሃል የቆመው አለቃ አንዲት ቃል አይሰማም። የተዋደዱት፣ የተጣሉት፣ የታረቁት ሁሉ እዚያ ጩኸት ውስጥ ነው። ቤታቸው ሲገቡ ደክሟቸው ዝም ይላሉ።

ፋብሪካው ሲዘጋ ዝምታው ብቻ ቀረ። ባልየው መስኮቱ ስር ተቀምጦ ይውላል። ሲቀርብለት ይበላል፣ ሲጠይቁት ራሱን በመነቅነቅ ይመልሳል፤ ቃል ግን የለም። ሰውዬው ሳይሞት እዚያው ፊቷ ሊያልቅባት ነው፤ አንጀቷን የበላው ይኸው ነበር።

በዚያ ላይ ልጃቸው አለ። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለባሽ፣ ጓዳ ገብቶ የመዶሻ ምት፣ የመጋዝ ፉጨት፣ የብረት ሲቃ በኮምፒውተር እያቀነባበረ የሚያስጮህ። ኢንዱስትሪያል የሚባል ሙዚቃ ነው አላት። ጎረቤቷ ደግሞ፣ «ልጅሽ ጋራዥ ከፈተ መሰል፣ መኪናዬን ላምጣለት?» ትላለች፣ መኪና የሌላት ሴትዮ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሲርገበገብ ብርጭቆ ከመደርደሪያው ወድቆ ተሰበረ። አሁንስ በዛ ብላ ልታስዘጋው ተነሳች። ጓዳው ጋ ስትደርስ ባሏ ቀድሟት ቆሟል፤ መዳፉን መቃኑ ላይ ለጥፎ። ዞር ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ደከመሽ?»

እንደምንም፣ ያለ ድምፅ፣ «አንተን እያየሁ ምን ይደክመኛል» አለችው።

ከዚያ ወዲያ ልጁ ሙዚቃውን ሲከፍት እነሱ በርጩማቸውን ይዘው ጓዳው በር ላይ ተቀምጠው በከንፈር ያወራሉ። ከተቀበረች ጀምሮ ስሟን ያልጠሩትን የበኩር ልጃቸውን ሳይቀር አነሱ፤ አለቀሱላትም። ልጁ «እማ፣ እንደናንተ ያለ አድማጭ አላገኘሁም» እያለ ይስቃል።

ሰፈሩ ግን አልቻለም። አከራዩ ወይ ጩኸቱን ወይ ቤቱን ብለው ቆረጡ። «ጌታዬ፣ ባሌ የሚያወራኝ በሱ ነው» ብላ ብትለምናቸው ያበደች መሰላቸው። ልጁም ወላጆቼ ሜዳ ላይ ከሚወድቁ ብሎ ዕቃውን ሸክፎ ሌላ ከተማ ሄደ። ሙዚቃውን ግን በፍላሽ ገልብጦ ተወላት።

ትንሿ ሬዲዮ ላይ ሰካችው። ቲን ቲን አለ። ባልየው መዳፉን ሬዲዮዋ ላይ ጥቂት አቆየና ራሱን ነቀነቀ። ወለሉ አልተንቀጠቀጠም። ወደ መስኮቱ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ክረምት እዚያው እንደተቀመጠ አረፈ።

እሷም ቤቱን ለቀቀች። መጨረሻ እንደተሰማው፣ ከእህል ወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የሚንቀጠቀጥ፣ ሌላ ሰው አልከራይም ያለው ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች።