የናትናኤል ዛፍ

ባለፈው ሰኔ የአጎቴ ልጅ ታምራት ከአገር ቤት፣ ከጌጫ ደወለልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ፣ «አስቱ፣ የናትናኤል ዛፍ ወደቀ» አለኝ። ዝናቡ ሥሩን አላልቶት ኖሮ ነፋስ ገፍቶ ጣለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያበሳጨኝ የዛፉ መውደቅ አልነበረም። አያቴ የወጣበት፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የወጣበት ቀራሮ ወድቆ እንኳ በናትናኤል ስም መጠራቱ ነው። ናትናኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ዛፉ ላይ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ የመጣው ሚሊኒየሙ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። እኔና ናትናኤል አንድ ክፍል ተምረን፣ በቅርጻ ቅርጽ ተመርቀን፣ ሥራ ፈት ነበርን። አንድ ድርጅት ወጣት ቀራፂዎችን ሰብስቦ ቴፒ አጠገብ አንድ የቡና እርሻ ዳር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ እያበላና እያሳደረ ሊያሠራን ወሰደን። «ሬዚደንሲ» ይባላል። ለእናቴ ሳስረዳት፣ «እየበላችሁ እንጨት ትለቅማላችሁ ማለት ነው?» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተችም።

የቆይታው ደንብ አንድ ነበር። አስተባባሪያችን በመጀመሪያው ቀን፣ «ጫካው የጣለውን ውሰዱ፤ ያቆመውን አትንኩ» አለችን። ሲሚንቶ የለም፣ ሚስማር የለም፣ ቀለም የለም። የሠራነውም ሲያልቅ ጫካ ውስጥ ይቀመጥና ወደ አፈሩ ይመለሳል። ብረት መበየድና ሲሚንቶ ማቡካት ለተማርን ልጆች ይህ ቀልድ ይመስል ነበር። እኔ ግን በልቤ ደስ አለኝ። አገሩ አገሬ ነው። የትኛው ሐረግ ሲደርቅ እንደሚሰባበር፣ የትኛው እንደሚተጣጠፍ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ናትናኤል ግን የኮረሪማ ቅጠል አይቶ «ይሄ ዝንጅብል ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው። በዚህ ውድድር ማን እንደሚያሸንፍ አልተጠራጠርኩም። ውድድር ነው ያለን ሰው አልነበረም እንጂ።

ቴፒ ይሞቃል። ጠዋት ጭጋጉ ሲነሳ የሚሰጣው የቡና ጀንፈል ሽታ ግቢውን ይሞላዋል፤ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከዚያ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ምሳችን ብዙ ጊዜ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ነበር። ናትናኤል ጎደሬውን ገና በሁለተኛው ቀን ወደደው። ቡና ለቃሚዎቹ ሴቶች ከበውት ይስቃሉ፣ ሐረግ እንዴት እንደሚሸመን እጁን ይዘው ያሳዩታል። እኔ ጠጋ ስል ግን «አንቺማ ታውቂያለሽ» ብለው ያልፉኛል። አዎ፣ ብዙውን አውቃለሁ። ግን እኔንም እጄን ይዞ የሚያሳየኝ ሰው ፈልጌ ነበር። እሱ እያፏጨ ይሠራል፣ ሲበላሽበት ይስቃል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ይጀምራል። እኔ ያረጀ የቡና ግንድ ታቅፌ፣ ጥርሴን ነክሼ እፈለፍላለሁ።

የምፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ እሱም ከአባቴ ነበር። በእኛ አገር ዛፍ ባለቤት የሚያገኘው በቀፎ ነው። ጫካው የሁሉም ቢሆንም ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የሰቃዩ ነው፤ ከእሱም ለወንድ ልጁ ያልፋል። ይህን ውርስ ኮቦ ይሉታል። ሴት ዛፍ አትወጣም፣ ቀፎም አትሰቅልም። አባቴ ደግሞ ወንድ ልጅ የለውም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፣ ንብ አርቢ ነው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ስመረቅ እንኳ ንቦቹን ጥሎ አልመጣም። እኔም የእጄን ሥራ አይቶ እዚያ ቀራሮ ላይ ቢሰቅልልኝ፣ ሌላ ዲፕሎማ አያስፈልገኝም ብዬ አስብ ነበር።

ስለዚህ ሥራዎቹን የት እናኑራቸው የሚል ጥያቄ ሲመጣ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። «የአባቴ ጫካ አለ፤ ጌጫ» አልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

በአይሱዙ ተጭነን ጌጫ ስንደርስ ብርድ ነበር። እናቴ ቆጮና ጎመን አቀረበች፤ ከዚያ ወደ ጫካው ገባን። የእኔ ሥራ ጭነት ተሸክማ ያጎነበሰች ሴት ናት፤ ከቡና ግንድ የተፈለፈለች፣ የጭራሮ እስሯ በቃጫ ጀርባዋ ላይ የተጠፈረ። አባቴ ዙሪያዋን ሄደ። ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ።

«ጥሩ ነው» አለ። ቀና ብሎ፣ «ምነው ጭነቷን አላወረድሽላትም?» አለኝ።

«አባዬ፣ ሥራው እኮ እሱ ነው! ሸክሟ ነው!»

«እሺ» አለና ቀራሮው ሥር፣ መሬት ላይ አስቀመጣት።

ከዚያ ወደ ናትናኤል ሥራ ዞረ። ሐረግ ተሸምኖ፣ የወደቀ ቅርፊት የለበሰ፣ አፉ ክፍት የሆነ ረጅም ድቡልቡል ነገር ነው።

«ይሄ ቀፎ ነው» አለ አባቴ።

«አይ አባባ፣ ሆድ ነው» አለ ናትናኤል። «የሰው ሆድ።»

«ሆድም ይሁን ማር ይገባበታል።» አባቴ ሳቀ! አባቴ ሲስቅ ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ እነዚያንም አስታውሳቸዋለሁ። «የት ልስቀልልህ?»

ናትናኤል ቀና ብሎ ያንኑ ቀራሮ አሳየ። «እዚህ ያምራል፣ ካላስቸገርኩዎት።»

አባቴ የመውጫ ገመዱን በግንዱ ዙሪያ አዞረ፣ ወገቡ ላይ አሰረ፣ ወጣ። ሆዱን ጎትቶ ሰቀለው። ናትናኤል ከታች ፎቶ ያነሳል። የሰቀለው አባቴ ቢሆንም የሰቀለው ለእሱ፣ በስሙ ነው። የአጎቴ ሚስት አጠገቤ ቆማ፣ «ተመስገን፣ ዛፉ ወንድ ልጅ አገኘ» አለች። ክፋት አልነበራትም። እዚያው ቆሜ፣ ገመዱ እንዲበጠስ አልተመኘሁም፤ አባቴ ነው ያለበት። ሆዱ እንዲወድቅ ግን ተመኝቻለሁ።

አልወደቀም። እንዲያውም ንብ ገባበት። ለፋሲካ ስሄድ አባቴ ማሩን ቆርጦ በባልዲ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «የናትናኤል ነው፤ አድርሺለት» አለኝ። የእኔዋን ሴት ፍለጋ ቀራሮው ሥር ሄድኩ፤ የለችም። በስብሳለች፣ ወይም አንዱ ለማገዶ ወስዷታል አልኩ። ማንንም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ?

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የሰው ማር ተሸክሜ ከጌጫ አዲስ አበባ ተመላለስኩ። ባልዲውን አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንዳይፈስ ታቅፌ። ሐረጉ በስብሶ ሲረግፍ አባቴ በቦታው እውነተኛ ቀፎ ሰቀለ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ናትናኤል ንብ የገባበትን ሆድ ፎቶ በኤግዚቢሽን አሳየ፣ ታወቀ፣ ተጠራ። እንግዳ ሲመጣበት ማሩን በማንኪያ እያቀመሰ፣ «ከሥራዬ የተቆረጠ ነው» ይላል። ጥሩ ሰው ነው። ብጠላው ይቀለኝ ነበር። ማሩን ሳደርስለት ሁልጊዜ ከእሱ አንድ ብርጭቆ ለቤቴ ይቀዳልኛል፤ እኔም ሁልጊዜ ረስቼው እወጣለሁ።

ታምራት በደወለ በሳምንቱ ጌጫ ሄድኩ። ቀራሮው ተጋድሟል፤ ልጆች እላዩ ላይ ይሮጣሉ። አባቴ አርጅቷል፣ ከእሳቱ ዳር አይርቅም።

«የመውጫ ገመዱን ከቆጥ አውርጂልኝ» አለኝ። «ለታምራት ልስጠው።»

ይኸውና፣ ገመዱም ለሌላ። እያጉረመረምኩ መሰላሉን ወጣሁ፤ ሴት ዛፍ አትወጣም እንጂ ቆጥ ትወጣለች። ከእሳቱ በላይ፣ ጭስ ነቀዝ እንዳይነካቸው የሚጠብቃቸው ነገሮች አሉ። የዘር በቆሎ፣ አዲስ ቀፎ። ከበቆሎው ጀርባ እሷ ተቀምጣለች። ጭሱ አጥቁሯት፣ እንደተቀባ ቆዳ ታብረቀርቃለች። አንዲት የነቀዝ ቀዳዳ የለባትም። እስሯ ጀርባዋ ላይ የለም። በጥንቃቄ ተፈትቶ፣ በአዲስ ቃጫ ታስሮ፣ ጎኗ ተቀምጧል።

«አባዬ» አልኩ ከላይ። «ይቺ እንድትበሰብስ እኮ ነበር የሠራኋት።»

«ያኔ ከባድ ዝናብ መጣ፤ አስገባኋት» አለ። እሳቱን ቆሰቆሰ። «ለእንግዳ ዛፍ ይሰጣል። ገመዱን አገኘሽው?»

ይህን ካየሁ ወዲያ ቅናቴ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ዛፉን አሁንም እፈልገው ነበር። በዚያ ጭስ ውስጥ ቆሜ ያለቀስኩት ግን ለዛፉ አልነበረም።

አዲስ አበባ ስመለስ ለናትናኤል ደውዬ ዛፉ መውደቁን ነገርኩት። ከልቡ አዘነ። «ያንቺዋስ ሴት?» አለኝ። «ከሥሩ የነበረችው ምን ሆነች?»

«በሰበሰች» አልኩት። «ደንቡ እንደሚለው።»

«አይ፣ አሳዘነችኝ» አለ።

ቆጡ ላይ ያየሁትን አልነገርኩትም። እሱ ዛፍ ነበረው፤ ያ ይበቃዋል።