የኢሲዶራ መጨረሻ

ዙልማ ቤሩቲ ጠዋት ጠዋት ውሃ ታሞቃለች፣ ሳፋው ውስጥ አንድ እፍኝ ጨው ትበትናለች፣ ከዚያም ሙቀቱን በክርኗ ትለካለች። እጇ ሙቅ ውሃ ስለለመደ አታምነውም። በፓሶ ሞሊኖ ሰፈራችን ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጥፍር መቁረጥ ያቃተው ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። እግራቸውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ የደደረውን ቆዳ ትፍቃለች፣ ወደ ሥጋ የገባውን ጥፍር ታወጣለች።

እግሩን ለሰው የሰጠ ያወራል። የዙልማ ደንበኞች አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለሆኑ፣ ከበሽታና ከልጅ ቀጥሎ የሚያወሩት ስለ መጻሕፍት ነው። «ምራቴ እንደ ኢሲዶራ ግትር ናት» ይላሉ። ኢሲዶራ «የጀልባው ደወል» በሚባለው የድሮ ልብ ወለድ ውስጥ ያለች የጀልበኛ ሚስት ናት፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ዙልማ ትምህርቷን ያቋረጠችው በልጅነቷ ነው። ኢሲዶራን የምታውቃት እንደ ጎረቤት ዘመድ፣ በወሬ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ሃምሳ ስምንት ዓመት ሲሞላት ግን በምን ስትስቅ እንደኖረች ማወቅ አማራት።

መጽሐፉን ከእሑድ ገበያ፣ ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ገዛች። መጀመሪያ ላይ የሰዎቹ ስም መብዛት አስቸገራት፤ ታሪኩ ጎርፉ ጋ ሲደርስ ግን ያፈላችው የማቴ ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አነበበች። ከወንዙ ማዶ ለኢሲዶራ ደወል የሚደውልላት ሰው አለ። ልትሻገር ወይም ከባሏ ጋር ልትቀር ነው። የቤቱን ቁልፍ በእጇ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆመች። «ከዚያም ወደ ኋላ ሳትዞር» ይላል የገጹ የመጨረሻ መስመር። ቀጣዩ ገጽ የለም። ጥራዙ ላልቶ የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ወድቀዋል።

ነጋዴው ሌላ ቅጂ አልነበረውም። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍትም ጣሪያው እስኪጠገን ተዘግቷል። ቢሆንም መጽሐፉን ያነበቡት ሰዎች በእግራቸው እየመጡላት ምን አስጨነቃት?

መጀመሪያ የመጡት ጡረተኛው ውል አዋዋይ ዶን ሆራሲዮ ነበሩ።

«ዶን ሆራሲዮ፣ ኢሲዶራ መጨረሻ ላይ ምን ትሆናለች?»

«ሰምጣ ትሞታለቻ! የጀልበኛ ሚስት ሌላ ምን ትሆናለች?»

«ራሷን ወርውራ ነው ወይስ ጀልባው ተገልብጦ?»

ዶን ሆራሲዮ እግራቸውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ጥፍሬን ቁረጪ እንጂ አትመርምሪኝ። ችሎት መሰለሽ እንዴ?»

በማግስቱ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ዶኛ ዴሊያ ተጠየቁ።

«ምን መስመጥ አመጣው? ተሻግራ አገባችው እንጂ! እኔ እንኳ አልቅሻለሁ።»

«ባሏስ?»

«ባል ነበራት እንዴ?»

ዙልማ አልሳቀችም። ምናልባት ትልቅ መጽሐፍ የሚባለው ለየሰዉ ሌላ ሌላ መጨረሻ የሚሰጥ ይሆናል ብላ አሰበች። የእሷ የትኛው እንደሚሆን ለማወቅ ይበልጥ ቸኮለች።

ማክሰኞ መምህርት ኤርሚንያ መጡ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «የጀልባው ደወል»ን ለሰፈሩ ልጆች ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዙልማ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ እንዳስገባች አላስቻላትም።

«መምህርት፣ አንዱ ሰመጠች ይለኛል፣ አንዷ አገባች ትለኛለች። እውነቱን እርስዎ ይንገሩኝ።»

«አንቺ የት ደረስሽ?»

«ቁልፉ ጋ። ከዚያ ወዲያ ገጹ የለም።»

«የምን ቁልፍ?» አሉ መምህርት።

ዙልማ ቀና ብላ አየቻቸው። መምህርት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ጆሯቸው ቀልቷል።

«የምናስተምረው እስከ አሥረኛው ምዕራፍ ነው» አሉ። «ፈተናው ከጎርፉ አያልፍም። እኔም ተማሪ ሆኜ እዚያው ነው ያቆምኩት። ትምህርት ሲዘጋ እጨርሰዋለሁ እላለሁ፤ ትምህርት ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እኔ እንደገና ከምዕራፍ አንድ።»

«ዶን ሆራሲዮስ?»

«ሆራሲዮ! እሱማ ያንን ፈተና ከእኔ ኮርጆ ነው ያለፈው።»

ተያይተው ሳቁ። ዙልማ የቀኝ እግራቸውን በፎጣ እያደረቀች፣ «ታዲያ እኔ ልንገርዎት» አለች። «ከጎርፉ በኋላ ባሏ...»

«ዝም በይ! እንዳትነግሪኝ!» መምህርት እግራቸውን መንጭቀው ሳቡ። «ቤት ሙሉው መጽሐፍ አለኝ።»

«ሙሉው? እንግዲያው ነገ ያውሱኝ። የጎደለኝ ጥቂት ገጽ ነው።»

«በምን ዕዳዬ! መጀመሪያ እኔ ልጨርሰው።»

«እሺ፣ የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ አየት አድርገው...»

«አላደርገውም። ያን ሁሉ ዘመን አስተምሬው መጨረሻውን ሰርቄ ላየው ነው?»

ዙልማ ብትለምን፣ ብትቆጣ አልሆነላትም። መምህርት ኤርሚንያ ካልሲያቸውን አድርገው ከወትሮው ፈጠን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጡ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነበሩ። መጽሐፉ ሃያ ሰባት ምዕራፍ አለው።